ፍሬሽ የአበባ ሽቶ ለሴቶች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሽቶ እንደምወድ የሚያውቅ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ነገር ዞሮ ዞሮ አንድ ነው፣ ግማሹ "ለምን ቶሎ ይጠፋብኛል" ይላል ግማሹ ደሞ "የት የት ነው የሚቀባው"። ለእያንዳንዱ እየደጋገምኩ ከምመልስ አንዴ ሰብሰብ አርጌ ልጻፈው ብዬ ነው። የማወራው ስለ ቀላሉ፣ ስለ ፍሬሹ የአበባ ሽቶ ብቻ ነው። ኡድ፣ ቅመም የበዛበት፣ ከረሜላ ከረሜላ የሚል ከባድ ሽቶ ሌላ ጉዳይ ነው፣ አጠቃቀሙም ይለያል።

ፍሬሽ የአበባ ሽቶ የሚባለው የትኛው ነው?

መሀሉ አበባ የሆነ ሽቶ ነው፣ ግን አበባው ብቻውን አይመጣም። መጀመሪያ ስትረጪው ሎሚ፣ መንደሪን፣ ቤርጋሞት (የሎሚ ዘመድ የሆነ ፍሬ) ወይ ገና የተቆረጠ ቅጠል የመሰለ ነገር አፍንጫሽን ነቃ ያደርገዋል፣ ከዛ አበባው ይከፈታል፣ መጨረሻ ላይ ቆዳሽ ላይ የሚቀረው ደሞ ለስለስ ያለ ሙስክ (ንጹህ ቆዳ የሚመስል ጠረን) ወይ ቀለል ያለ የእንጨት ጠረን ነው። ታጥቦ ፀሐይ ላይ የደረቀ አንሶላ መሀል ጽጌረዳ ተረስቶ ቢገኝ እንደዛ ይሸት ነበር ብዬ ነው የማስበው። ስም ካስፈለገ የቬርሳቼ ብራይት ክሪስታል (2006፣ እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)፣ የማርክ ጄኮብስ ዴዚ (2007)፣ የሻኔል ቻንስ ኦ ታንድር (2010) እዚህ ውስጥ ይገባሉ። የዶልቼ ኤንድ ጋባናን ላይት ብሉንም (2001) ብዙ ሰው እዚሁ ይመድበዋል፣ እኔን ከጠየቅሽኝ ግን እሱ ላይ ከአበባው ይልቅ ሎሚውና አፕሉ ነው የሚያመዝነው።

አበባው የእውነት አበባ ነው ወይስ ኬሚካል?

ሁለቱም። ጽጌረዳና ጃስሚን ዘይታቸው ይወጣል፣ ግን ስራው የዋዛ አይደለም፣ 1 ኪሎ የጽጌረዳ ዘይት ለማግኘት ከ3 እስከ 4 ቶን የሚሆን አበባ ይነጠራል፣ አበባውም የሚለቀመው በማለዳ ነው ምክንያቱም ፀሐይዋ ከበረታች ዘይቱ ይተናል። በጽጌረዳ የሚታወቁት የቡልጋሪያው የጽጌረዳ ሸለቆና የቱርኳ ኢስፓርታ ናቸው፣ በጃስሚን ደሞ የደቡብ ፈረንሳይዋ ግራስ ከተማ፣ የግራስን የሽቶ ሙያ ዩኔስኮ በ2018 መዝግቦታል።

ፒዮኒ፣ ፍሪዥያና ሊሊ ኦፍ ዘ ቫሊ የሚባሉት አበቦች ግን ሜዳው ላይ ያውዳሉ እንጂ ለሽቶ የሚሆን ዘይት አይሰጡም። ስለዚ ካርቶኑ ላይ "ፒዮኒ" የሚል ካየሽ ባለሙያው ከሌሎች ሞለኪውሎች ገጣጥሞ የሰራው ፒዮኒ ነው። ተታለልኩ እንዳትዪ፣ እንደውም ጥበቡ ያለው እዛ ላይ ነው። ሽቶ ቀማሪው ኤድሞን ሩድኒትስካ በ1956 ለዲዮር የሰራው ዲዮሪሲሞ የሚባል ሽቶ የተገነባው በዚች ዘይት በማትሰጥ ትንሽ ነጭ አበባ፣ በሊሊ ኦፍ ዘ ቫሊ ጠረን ዙሪያ ነው፣ እስካሁንም ሰው ስለዛ አበባ ሲያወራ እሱን ነው የሚያነሳው። ሄዲዮን የሚባል ሞለኪውል ደሞ አለ፣ ጃስሚን ላይ መስኮት የተከፈተበት ያህል አየር የሚያስገባ ነገር ነው፣ መጀመሪያ ስሙን ያገነነው በ1966 የወጣው የወንዶቹ ሽቶ ኦ ሶቫዥ ነበር፣ ዛሬ ግን የሴቱም ፍሬሽ ሽቶ ውስጥ በየቦታው አለ።

ኢዲቲ፣ ኢዲፒ፣ ኮሎኝ ይላል፣ የቱን ልግዛ?

ልዩነቱ አልኮሉ ውስጥ ያለው የሽቶ ዘይት መጠን ነው። ኮሎኝ ከ2 እስከ 5 በመቶ ገደማ፣ ኦ ደ ቷሌት ማለትም ኢዲቲ ከ5 እስከ 15፣ ኦ ደ ፓርፋም ማለትም ኢዲፒ ከ15 እስከ 20፣ ፓርፋም ወይ ኤክስትሬ የሚባለው ከዛ በላይ። ቦዲ ሚስት የሚባለው ገላ ላይ የሚረጨው ቀላል ሽቶ ከሁሉም የሳሳው ነው። ቁጥሮቹ ልማድ ናቸው እንጂ ህግ አይደሉም፣ አንዱ ብራንድ ኢዲቲ ያለው ከሌላው ኢዲፒ በላይ ሊቆይ ይችላል።

ደሞ ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር አለ፣ የአንድ ሽቶ ኢዲፒ ማለት ያው ኢዲቲው ወፈር ብሎ አይደለም፣ ብዙ ጊዜ ቅመራው ራሱ ይቀየራል። ኢዲፒው ላይ ቫኒላና እንጨት ይጨመርበትና ያ የወደድሽው ውሃ ውሃ የሚል ነገር ድራሹ ይጠፋል። ስለዚ "ኢዲፒው ይቆያል" ስለተባለ ብቻ ሳታሸቺ እንዳትገዢ። ለፍሬሽ አበባ የኔ ምርጫ ኢዲቲ ነው፣ ቶሎ ይሄዳል አዎ፣ ግን ስትረጪው የሚሰጥሽ ያ የመጀመሪያው ደስታ ኢዲፒው ላይ አይገኝም።

ጠዋት ተቀብቼ ምሳ ሰዓት ላይ የለም። ፌክ ነው የሸጡልኝ?

ላይሆን ይችላል። ይሄ ጥያቄ ረዘም ያለ መልስ ይፈልጋል።

አንደኛ ተፈጥሮው ነው። ሎሚና መንደሪን የሚሸቱት ሞለኪውሎች ቀላልና ትናንሽ ናቸው፣ ቆዳሽ ሞቅ ሲያደርጋቸው ብድግ ብለው ይሄዳሉ፣ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ቢቆዩ ነው። አበባው ሁለት ሶስት አራት ሰዓት ይቆያል። ቀኑን ሙሉ የሚቆዩት ከባዶቹ፣ እንጨቱ ሙስኩ ቫኒላው ናቸው፣ ፍሬሽ ሽቶ ውስጥ ደሞ እነሱ ሆን ተብሎ ትንሽ ነው የሚደረጉት። ስለዚ ፍሬሽም ይሁን፣ አበባም ይሁን፣ እስከ ማታም ይቆይ ብለሽ ከፈለግሽ የምትፈልጊው ነገር እርስ በርሱ እየተጣላ ነው።

ሁለተኛ ቆዳሽ ደረቅ ከሆነ ይጠጣዋል በቃ። ሽቶ የሚይዘው ቅባት ይፈልጋል።

ሶስተኛው ነው ሰው የማያምነኝ፣ ሽቶው አልጠፋም፣ አፍንጫሽ ነው የለመደው። አንጎላችን አንድ ሽታ ሲደጋገምበት "ይሄን አውቀዋለሁ" ይልና ዝም ያሰኘዋል፣ ሰው ቤት ስትገቢ የቤቱ ጠረን ወዲያው ይሰማሽና ከትንሽ ቆይታ በኋላ እንደሚጠፋው ማለት ነው፣ ባለቤቶቹ ደሞ ጭራሽ አያውቁትም። ሙስክ ላይ ደሞ ይብሳል፣ አንዳንድ ሰው አንዳንዱን የሙስክ አይነት ከነጭራሹ ማሽተት አይችልም። እኔ ይሄን የተማርኩት በውርደት ነው። አዲስ ሽቶ ገዝቼ አልሸትሽ አለኝና ከቤት ስወጣ አራት ጊዜ ረጨሁ፣ መንገድ ላይ አሁንም የለም ብዬ ሶስት ጨመርኩ፣ ሊፍት ውስጥ ስገባ አጠገቤ የቆሙት ሴትዮ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አርገው ቀስ ብለው ወደ በሩ ዞሩ። እስከ ዛሬ ሳስበው ፊቴ ይግላል።

ስለዚ ሌላ ከመርጨትሽ በፊት ሌላ ሰው ጠይቂ። ወይ ደሞ ስካርፍሽ ላይ ትንሽ ነፋ አርጊበትና አውልቀሽ ወጣ ብለሽ ስትመለሺ አሽቺው፣ ያኔ ታምኚኛለሽ።

እሺ እንዴት ላቆየው ታዲያ?

ገላሽን ታጥበሽ እንደወጣሽ፣ ቆዳሽ ገና ለብ እንዳለና ትንሽ እርጥበት እንዳለው ሽታ የሌለው ሎሽን ተቀቢ፣ አንድ ሁለት ደቂቃ ጠብቂ፣ ከዛ ሽቶውን። ሽታ የሌለው ያልኩት ሆን ብዬ ነው፣ ኮኮናት የሚል ሎሽን ላይ ጃስሚን ብትረጪ የሚወጣው ነገር ሶስተኛ ነገር ነው። ሎሽን ከሌለ ሽቶው በሚያርፍበት ቦታ ላይ ብቻ በጣም ስስ አርገሽ ቫዝሊን ማሸት ይበቃል። የአንድ ሽቶ የራሱ ሎሽን ካለውና አቅሙ ካለ ጥሩ ነው፣ ከሌለም ግን ምንም አልቀረብሽም።

ቀሪው መፍትሄ ደሞ ቀላል ነው፣ 5 ወይ 10 ሚሊ የምትይዝ ትንሽ መርጫ ጠርሙስ ገዝተሽ ገልብጠሽ ቦርሳሽ ውስጥ መያዝ። ከሰዓት በኋላ አንድ ጊዜ ፊስ ማድረግ ጠዋት ስምንቴ ከመርጨት በብዙ ይሻላል፣ ያን የሎሚውን መጀመሪያ ሁለቴ ታገኚዋለሽ ማለት ነው።

የት የት ነው የሚቀባው?

የደም ስር ቀረብ ያለበትና ሙቀት ያለበት ቦታ፣ አንገት ጎንና ጎን፣ ከጆሮ ኋላ፣ የክንድ መታጠፊያ ውስጡ፣ የእጅ አንጓ። ቀሚስ ከለበስሽ ከጉልበት ኋላ፣ ይሄን ሰው ይስቅበታል ግን ሽታ ከሞቀ አየር ጋ ወደ ላይ ስለሚወጣ ስትራመጂ ደስ የሚል ነገር አለው። የእጅ አንጓ ላይ ብቻ መቀባት ልማድ ሆኖብን ነው እንጂ በቀን ስንቴ እጃችንን እንታጠባለን፣ ቶሎ ነው የሚሄደው፣ እኔ የክንድ መታጠፊያውን እመርጣለሁ።

ርቀቱ 15 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይሁን፣ ማለትም የተዘረጋ የእጅ መዳፍ ያህል። በጣም ካስጠጋሽው አንድ ቦታ ላይ ተጠራቅሞ ይንጠባጠባል፣ በጣም ካራቅሽው ደሞ ግማሹን ለግድግዳው ሰጠሽው። አየር ላይ ረጭቶ ውስጡ ማለፍ የሚባለው ነገር ሲያዩት ያምራል፣ ወለሉ ይሸታል አንቺ አትሸቺም።

ስንት ጊዜ ልርጭ?

ኢዲቲ ከሆነ ከ3 እስከ 5፣ ኢዲፒ ከሆነ 2 ወይ 3። ቢሮ፣ ታክሲ፣ ክፍል ውስጥ፣ ሆስፒታል ሰው ልትጠይቂ ከሆነ ቀንሺ፣ የታመመ ሰው ጋ ስትሄጂ ጭራሽ ብትተዪውም ጥሩ ነው። ከአንድ ክንድ ርቀት በላይ የቆመ ሰው ባይሰማው ልክ ነሽ።

ሂሳብ ለምትወዱ፣ አንድ ፊስ ብዙ ጊዜ 0.1 ሚሊ ሊትር አካባቢ ነው፣ ስለዚ 50 ሚሊ ጠርሙስ ወደ 500 ፊስ አለው ማለት ነው። በቀን 4 ብትረጪ 125 ቀን፣ አራት ወር ገደማ። ይሄን ካወቅኩ በኋላ ነው 100 ሚሊ መግዛት ያቆምኩት፣ አንድ ሽቶ ብቻ የምትጠቀሚ ካልሆንሽ ሳይሰለችሽ አያልቅም።

እጅን ማፋተግ ሽቶውን ያበላሸዋል የሚባለው እውነት ነው?

ግማሽ እውነት። "ሞለኪውሉን ትሰብሪዋለሽ" የሚሉት ተረት ነው፣ ሞለኪውል በእጅ አይሰበርም። ግን ስታፋትጊ ይሞቃል፣ ሲሞቅ ከላይ ያለው ሎሚው በአንዴ ይተናል፣ ፍሬሽ ሽቶ ላይ ደሞ ያ የሚተነው ነገር ነው የገዛሽው። ረጭተሽ ተዪው፣ ራሱ ይደርቃል።

ጸጉሬ ላይስ?

ጸጉር ሽታ በደንብ ይይዛል፣ ችግሩ አልኮሉ ያደርቀዋል፣ በተለይ ጸጉርሽ ራሱ ደረቅ ወይ ቀለም የተቀባ ከሆነ። አንዴ አልፎ አልፎ ቢሆን አይገልሽም። በየቀኑ ከሆነ ግን ማበጠሪያሽ ላይ ርጪ፣ አልኮሉ እስኪተን ትንሽ ጠብቂ፣ ከዛ አበጥሪ። ለጸጉር ተብሎ የሚሰራ ሄር ሚስት አለ፣ አልኮሉ ይቀንሳል ወይ ጭራሽ የለውም።

ልብስ ላይ መርጨትስ?

ልብስ ላይ ከቆዳ ይልቅ ይቆያል፣ ሙቀት ስለሌለው ቀስ ብሎ ነው የሚተነው። ግን አይለዋወጥም፣ ያ ከሎሚ ወደ አበባ ወደ ሙስክ የሚሄደው ጉዞ ቆዳ ላይ እንደሚታየው አይታይም። ነጭ ልብስና ሐር ላይ ጠንቀቅ በዪ፣ ቢጫ ነጥብ ይተዋል፣ መጀመሪያ የማይታይ ቦታ፣ ጠርዙ ውስጥ ላይ ሞክሪ። የሱፍ ስካርፍና የኮት ገበር ምርጥ ናቸው።

ሉል ካለሽ ደሞ ሽቶውን መጀመሪያ፣ ሉሉን መጨረሻ። አልኮሉ የሉሉን ብርሃን ያጠፋዋል፣ አንዴ ከደበዘዘ ደሞ መመለሻ የለውም።

ፀሐይ ላይ መውጣት ችግር አለው?

አለው፣ ሁሉም ሽቶ ላይ ባይሆንም። ቤርጋሞት ተጨምቆ የሚወጣው ዘይት ውስጥ ቤርጋፕቴን የሚባል ነገር አለ፣ ቆዳ ላይ እያለ ፀሐይ ሲያገኘው ቆዳውን ያቃጥላል፣ ከዛ ጥቁር ምልክት ይተዋል፣ አንገት ላይ እንደወረደ ጠብታ የሚመስል። አሁን አብዛኞቹ ትልልቅ ሽቶ ሰሪዎች ቤርጋፕቴኑ የወጣለትን ነው የሚጠቀሙት። ቤት ውስጥ የተቀመመ ወይ ምን እንዳለበት የማይታወቅ ቅባት ሽቶ ሲሆን ግን ማን ያውቃል፣ ቀኑን ፀሐይ ላይ የምትውይ ከሆነ ልብስ በሚሸፍነው ቦታ ተቀቢው።

ሱቅ ሄጄ ግራ ይገባኛል፣ ሁሉም አንድ አይነት ይሸተኛል። እንዴት ልምረጥ?

ብዙ ስላሸተትሽ ነው። በአንድ ቀን ከሶስት አራት በላይ አትሞክሪ፣ ከዛ በኋላ አፍንጫ ዝም ብሎ ነው የሚመልሰው። የራስሽን ሽቶ ሳትቀቢ ሂጂ። መጀመሪያ ሱቁ ለመሞከሪያ በሚሰጥሽ ወረቀት ለዪ፣ ወረቀቷ ላይ ከተረጨ በኋላ አልኮሉ እስኪሄድ ትንሽ አወዛውዢና አሽቺ፣ ከረጩት ቅጽበት ጀምሮ አፍንጫ ላይ መለጠፍ አልኮል ነው የሚያሸትትሽ። የወደድሻቸውን ሁለቱን ብቻ ቆዳሽ ላይ፣ አንዱን በቀኝ ክንድ አንዱን በግራ፣ የትኛው የት እንደሆነ ስልክሽ ላይ ጻፊ (እኔ ስንቴ ረስቼ ያልወደድኩትን ገዝቻለሁ)።

ከዛ ሂጂ። በቃ ከሱቁ ውጪ። ሻጯ ምንም ብትልሽ የመጀመሪያዎቹ አስር ደቂቃዎች ላይ ተመስርተሽ አትግዢ ምክንያቱም ያ የሚጠፋው ክፍል ነው፣ አብረሽው የምትኖሪው ከሁለት ሰዓት በኋላ ያለው ነው። ማታ ስትተኚ ክንድሽን አሽቺ፣ ያኔም ደስ ካለሽ በነጋታው ተመለሺ።

ሱቆች አፍንጫ ያድሳል ብለው የሚያስቀምጡት የቡና ፍሬስ? ቡና ማሽተት ከንጹህ አየር የተሻለ አፍንጫ አያድስም፣ ተጨማሪ ሽታ ነው። የራስሽን ልብስ ወይ ምንም ያልተቀባ ክንድሽን አሽቺ ወይ ደጅ ወጥተሽ ተመለሺ።

ጓደኛዬ ላይ ያበድኩለት ሽቶ እኔ ላይ ሌላ ሆነ፣ ለምን?

ቆዳሽ ቅባቱ፣ ሙቀቱ፣ የምትጠቀሚው ሳሙናና ሎሽን ከሷ ይለያላ። ቅባታም ቆዳ ላይ ሽቶ ይቆያል፣ ደረቅ ላይ ይሳሳል። ሌላው ደሞ አንቺ እሷን የምታሸቻት ከራቅ ብለሽ ነው፣ ራስሽን ግን አፍንጫሽን ክንድሽ ላይ ደፍተሽ ነው፣ ከቅርብና ከሩቅ አንድ ሽቶ አንድ አይደለም።

ድሮ የምወደው ሽቶ እንደገና ስገዛው ሽታው ተቀየረብኝ፣ እኔ ነኝ ወይስ እነሱ?

እነሱ ሊሆኑ ይችላሉ። ቅመራ ይቀየራል፣ አንዳንዴ ወጪ ለመቀነስ፣ አንዳንዴ ህግ አስገድዶ። ለምሳሌ ሊሊያል የሚባለው፣ ሊሊ ኦፍ ዘ ቫሊን ለማስመሰል በብዛት ይገባ የነበረው ንጥረ ነገር፣ ከመጋቢት 2022 (እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር) ጀምሮ በአውሮፓ ህብረት ታግዷል ምክንያቱም በመውለድ አቅም ላይ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል ተብሎ ተመድቧል። አሮጌ ጠርሙስ ካለሽ ካርቶኑ ላይ ቡቲልፌኒል ሜቲልፕሮፒዮናል የሚል ካየሽ እሱ ነው። ስለዚ ነጭ አበባ ላይ የቆሙ ብዙ ሽቶዎች ትንሽ ተቀይረዋል፣ ሰዎች "ያ ሳሙና ሳሙና የሚለው ነገር የት ሄደ" የሚሉት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

ራሴን ያመኛል፣ ቆዳዬም ይቀላል። መጠቀም ማቆም አለብኝ?

ቆዳሽ የሚያሳክክና የሚቀላ ከሆነ አዎ፣ ቢያንስ ያንን ሽቶ አቁሚ፣ ካልተወሽ የቆዳ ሐኪም ጋ ሂጂ። "ተፈጥሯዊ ነው" የሚለው ማስታወቂያ አያድንሽም፣ ሊሞኔንና ሊናሉል የሚባሉት፣ ካርቶን ላይ ሁሌ የምታያቸው ነገሮች፣ ከሎሚና ከላቬንደር ራሳቸው የሚመጡ ናቸው፣ አየር ሲነካቸው ደሞ አለርጂ የማስነሳት ነገራቸው ይጨምራል። አውሮፓ ውስጥ ድሮ ካርቶን ላይ በስም መጻፍ የነበረባቸው 26 አለርጂ አምጪዎች ነበሩ፣ በ2023 የወጣው ደንብ ወደ 80 አካባቢ አድርሷቸዋል። አዲስ ሽቶ ከመጠቀምሽ በፊት ክንድሽ ውስጥ በኩል ትንሽ ነክተሽ አንድ ሁለት ቀን ጠብቂ።

ራስ ምታቱ ግን አንዳንዴ የሽቶው ሳይሆን የብዛቱ ነው። በአንድ ፊስ ሞክሪው፣ ልብስ ላይ፣ ከአንገት ዝቅ አርገሽ። ማይግሬን ወይ አስም ያለበት ሰው አብሮሽ ካለ ለሱ ስትዪ ተዪው። እርጉዝ ከሆንሽና የምትወጂው ሽቶ ድንገት ካቅለሸለሸሽ ሽቶው አልተበላሸም፣ አስቀምጪው፣ ከወለድሽ በኋላ ትታረቃላችሁ። ህጻን ታቅፈሽ የምትውይ ከሆነም አንገትሽ ላይ አትቀቢ፣ ፊቱን የሚደፋው እዛ ነው።

ሽቶ ይበላሻል? የት ላስቀምጠው?

ይበላሻል። ጠላቶቹ ብርሃን፣ ሙቀትና አየር ናቸው፣ ፍሬሹ ደሞ ከሁሉ ቀድሞ ይበላሻል ምክንያቱም መጀመሪያ የሚሞተው ሎሚው ነው። መስታወት ፊት ለፊት መደርደር ያምራል አውቃለሁ፣ እኔም አርጌዋለሁ፣ መስኮት አጠገብ ያስቀመጥኩት ነጣ ያለ ሮዝ ሽቶ በአንድ አመት ውስጥ የሻይ ቀለም ይዞ ቁጭ አለ፣ ስረጨው ደሞ መጀመሪያ ኮምጣጣ ነገር ይሸታል ከዛ ነው አበባው የሚመጣው። መታጠቢያ ቤትም አይሆንም፣ እንፋሎቱ ይሞቃል ይበርዳል ይሞቃል ይበርዳል። ከነካርቶኑ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ በቃ። በደንብ ከተያዘ ከ3 እስከ 5 አመት ምንም አይሆንም። ጠርሙሱ ሊያልቅ ሲል ባዶው ቦታ በአየር ስለሚሞላ ያኔ ቶሎ ጨርሺው፣ "ለክት ነው" ብሎ ማቆየት ሽቶ ላይ አይሰራም።

ፌክን እንዴት ልለይ?

አንድ ምልክት አይበቃም፣ ብዙውን አንድ ላይ እዪ። ካርቶኑ ስርና ጠርሙሱ ስር ያለው የባች ኮድ (የምርቱ መለያ ቁጥር) አንድ መሆን አለበት። ፕላስቲኩ ጥብቅና ጥርት ብሎ የታሸገ ነው፣ ፌክ ላይ ይጨማደዳል ሙጫው ይታያል። ፊደሉን አንብቢ፣ የስፔሊንግ ስህተት ካለ አለቀ። መርጫው ስስ ጉም ነው የሚያወጣው፣ የሚያንጠባጥብ ወይ እንደ ውሃ የሚተፋ ከሆነ ጠርጥሪ። ትልቁ ግን ሽታው ነው፣ ፌክ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን አምስት ደቂቃ በደንብ ይኮርጃል፣ ከዛ በኋላ ባዶ አልኮል ወይ የወለል ማጽጃ የሚመስል ነገር ይቀራል። ብራንዱ የሚታወቅበት ዋጋ እያለ በሩቡ ካገኘሽው ራስሽን ጠይቂ።

ኮፒነቱን ሳይደብቅ በራሱ ስም የሚሸጥ፣ የታወቀ ሽቶ የሚመስል ርካሽ ሽቶ ግን ሌላ ነው፣ እሱ ላይ ምንም ነውር የለውም፣ እኔም አለኝ።

ዲኦድራንት ይተካል?

አይተካም። ላብ ላይ የተረጨ አበባ ላብም አበባም አይሆንም፣ ታጠቢ።

ሁለት ሽቶ ማቀላቀል ይቻላል?

ይቻላል፣ ከባዱን መጀመሪያ ቀላሉን ከላይ። ፍሬሽ አበባ ከስሩ አንድ ነጠላ ሙስክ ወይ የሰንደል እንጨት ሽቶ ቢደረግለት እድሜው ይረዝማል። ሁለት ብዙ ነገር ያለባቸው ሽቶዎች ግን አትቀላቅዪ፣ ሁለት ሰው በአንዴ እንደሚያወራ ነው።

አውሮፕላን ላይ ይዤ መግባት እችላለሁ?

በእጅ ሻንጣ ከሆነ በአብዛኛው ኤርፖርት ከ100 ሚሊ ያልበለጠ ጠርሙስ፣ ከሌሎቹ ፈሳሾች ጋ 1 ሊትር በምትይዝ የምታሳይ ፌስታል ውስጥ። የሚታየው ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ነው፣ 150 ሚሊ ጠርሙስ ውስጥ ትንሽ ነው የቀረው ብትዪ አይሰሙሽም። አውሮፕላኑ ውስጥ ግን አትርጪው፣ እባክሽ።

ለባለቤቴ ልገዛላት ነው፣ እኔ ምንም አላውቅም፣ ምን ልውሰድ?

ወንድሜ፣ መጀመሪያ አሁን የምትጠቀመው ጠርሙስ ላይ ያለውን ስም በስልክህ ፎቶ አንሳ፣ ሻጮቹ ከዛ ተነስተው ቀረብ ያለ ሊያሳዩህ ይችላሉ። ሊያልቅ ከሆነ ያንኑ ራሱን መግዛት ስንፍና አይደለም፣ እንደምታስተውላት ነው የሚነግራት። አዲስ ከሆነ 30 ሚሊውን ውሰድ፣ ካልወደደችው ጉዳቱ ትንሽ ነው። ፍሬሽ አበባ ለስጦታ ጥሩ የሚሆነው ብዙ ሰው ስለማይጠላው ነው፣ ጣፋጭና ከባድ ሽቶ ላይ ግን ወይ ትወደዋለች ወይ ራሷን ያማታል። ሌላ ሴት ላይ ሸቶህ ደስ ያለህን ሽቶ ግን ከየት እንዳወቅከው ሳታስብበት ይዘህ እንዳትሄድ።

አብዝቼ ረጭቻለሁ፣ አሁን ልወጣ ነው፣ እንዴት ላቀልለው?

ውሃ ብቻውን አያነሳውም ምክንያቱም ዘይት ነው። ጥጥ ላይ አልኮል (ሳኒታይዘርም ይሆናል) አርገሽ የተቀባሽበትን ቦታ ጥረጊ፣ ከዛ በሳሙና ታጠቢ። አልኮል ከሌለ ሽታ የሌለው ዘይት ወይ ሎሽን ቀብተሽ በሶፍት ጥረጊውና በሳሙና። ልብስ ላይ ከሆነ ግን ከመቀየር ሌላ መፍትሄ የለውም፣ የለበስሽውን ነፋስ ላይ ስቀዪው፣ ሌላ ልበሺና ውጪ።